የኤዎሊያን ስኪነር ኦርጋን ቤት፤ ጣዕምና ጥበበ እድ

በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ባለ ቧንቧ ኦርጋን ይሠራ የነበረው የኤዎሊያን ስኪነር ቤት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሰዎች ሙግት ሆኖ ይቀርባል፤ በአንድ ወገን መሥራቹ ኤርነስት ስኪነር፣ በሌላው ወገን ወራሹ ዶናልድ ሃሪሰን ይቆማሉ፤ የቤቱም ዕድል በሁለቱ የድምፅ ጣዕም መለያየት ይተረጐማል። ይህ አተራረክ ሐሰት ባይሆንም፣ ጣዕሙን የተሸከመውን ጥበበ እድ ስለሚዘነጋ ምሉእ አይደለም።

እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. በፔንሲልቫኒያ የተወለደው ስኪነር፣ በኦርጋን ሠሪው በጆርጅ ሃቺንግስ ዘንድ ሲሠራ ከቆየ በኋላ በ1901 የራሱን ሥራ አቋቋመ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ከተሞች የራሳቸው ኦርኬስትራ ባልነበራቸው በዚያ ዘመን፣ ሕዝቡ የዋግነርን ድርሰት ብዙ ጊዜ የሚሰማው ለኦርጋን ተዘጋጅቶ ስለ ነበረ፣ ስኪነር የፍሬንች ሆርንንና የኦቦን ድምፅ አስመስለው የሚያሰሙ ቧንቧዎችን በመሥራት ስሙን አስጠራ። ዋነኛው ሥራው ግን ከዓይን የተሰወረው ነበረ፤ ተጫዋቹ ቁልፉን ሲጫን ኤሌክትሪክ ትንሽ መግነጢስ ያንቀሳቅሳል፤ በዚህም በቧንቧዎቹ ሥር ባለው ሳጥን የታመቀው ነፋስ መውጫ ሲያገኝ ከስስ ቆዳ የተሠራው ከረጢት ይሟሽሽና የቧንቧው በር ይከፈታል፤ ስለዚህም ተጫዋቹ ከቧንቧዎቹ ርቆ ተቀምጦ በቀላል የጣት ንክኪ ታላቁን ድምፅ ያዝዛል።

በ1919 ባለጠጋው አርተር ሃድሰን ማርክስ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1927 ደግሞ ሃሪሰን ከእንግሊዝ አገር፣ ከሄንሪ ዊሊስ የኦርጋን ቤት ተጠርቶ መጣ። የምጣኔ ሀብት ውድቀት ባለጠጎች በየመኖሪያቸው የሚያስተክሉትን የኦርጋን ገበያ በሰበረ ጊዜ፣ በዚሁ ገበያ የከበረው የኤዎሊያን ኩባንያ የኦርጋን ክፍሉን ከስኪነር ጋር ስላዋሐደ፣ ቤቱ በ1932 በሁለቱ ስም ተጠራ። ሃሪሰን በ1935 ለግሮተን ትምህርት ቤት፣ በ1936 ለቦስተኑ የአድቬንት ቤተ ክርስቲያን በሠራቸው ኦርጋኖች የነፋሱን ግፊት ቀንሶ ከፍተኛና ጥርት ያሉ የድምፅ ረድፎችን በማብዛት፣ የባኽ ዜማዎች እርስ በርሳቸው ሳይዋጡ እንዲሰሙ አደረገ። ሥልጣኑ ያነሰበት ስኪነር ግን ከቤቱ ወጥቶ በሜቱዌን ከተማ ለብቻው መሥራት ጀመረ።

ይሁን እንጂ ወራሹ የመሥራቹን ድምፅ ሲነቅፍ፣ የነፋሱን ሳጥንና የቆዳውን ከረጢት አልተወም። የምከራከርበትም ነጥብ ይህ ነው፤ ቆዳ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ ስለሚያረጅ፣ እንዲህ ያለው ኦርጋን በየትውልዱ መከፈት ግድ ይሆንበታል፤ በተከፈተም ጊዜ የዘመኑ ጣዕም ከጠጋኙ ጋር አብሮ ይገባል። በኒው ዮርክ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ስኪነር በ1910 የሠራውን ኦርጋን፣ በ1954 ስሙን የተሸከመው ቤት ራሱ በሃሪሰን መሪነት እንደ ገና ሠራው።

ሃሪሰን በስኪነር ድምፅ ላይ የሰጠው ፍርድም በራሱ በፈራጁ ላይ ተመለሰ። በሃርቫርድ የጀርመን ሙዚየም ሃሪሰን በ1937 ያቆመውን ኦርጋን በራዲዮ ለሕዝብ ያስተዋወቀው ኦርጋን ተጫዋቹ ኤድዋርድ ፓወር ቢግስ፣ በ1958 በዚያው ስፍራ ያለ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ የሆላንዱን ኦርጋን ሠሪ የፍለንትሮፕን ኦርጋን አስተከለ። ሃሪሰን በ1956 በኒው ዮርክ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያንን ኦርጋን ሲያጠናቅቅ ሞቶ ስለ ነበረ ይህን አላየም፤ ቤቱም በ1972 ተዘጋ።

ሃሪሰን በሞተበት በዚያው ዓመት በአሜሪካ የኦርጋን ታሪክ ማኅበር ተቋቁሟል፤ ዛሬ የስኪነርን ኦርጋን የሚያድሱ ባለሙያዎች ቆዳውን ለውጠው ድምፁን እንደ ነበረ መተው ተምረዋል። ማደስና ማረም የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው የታወቀው ብዙ የድሮ ቧንቧ ተነቅሎ ከቀለጠ በኋላ ነውና፣ የዚህን ቤት ታሪክ የሚመረምር ሐያሲ ማን የተሻለ ሰማ ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ፣ በየእድሳቱ ምን እንደ ወጣና ምን እንደ ገባ ሊጠይቅ ይገባዋል።