መምህሩና የጫት ጥናት፤ ከመጠይቅ አዳይነት ባሻገር

ስለ ተማሪዎች ጫት መቃም የሚደረግ ጥናት በሁለት ነገር ይመዘናል፤ የችግሩን ስፋት በማሳየቱና ለመከላከሉ ሥራ መንገድ በመጠቆሙ። በአገራችን የተካሄዱት ጥናቶች በመጀመሪያው ረገድ ብዙ ሠርተዋል። አታላይ ዓለምን ጨምሮ የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው ጥናት ከ15 እስከ 24 ዓመት የሆናቸውን 20,434 ወጣቶች፣ በትምህርት ላይ ያሉትንም ከትምህርት ውጭ የሆኑትንም ያካተተ ሲሆን፣ ጫትና አልኮል ከአደገኛ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር ያላቸውን ተዛምዶ መርምሯል። የዚህ ዓይነቱ ሰፊ ጥናት አገር አቀፉን ገጽታ ያሳያል፤ የአንድን ትምህርት ቤት ጓዳ እንዲያሳይ ግን አይጠበቅበትም።

ጉድለቱ የሚጀምረው የሰፊው ጥናት መጠይቅ እንዳለ ወደ ትምህርት ቤት ሲወርድና መምህሩ ወረቀት አዳይና ሰብሳቢ ብቻ ሆኖ ሲቀር ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ለዚህ ጥሩ አስረጅ ናቸው። በወሎ ጫት የሱስ ቅጠል ብቻ ሳይሆን በዱዓና በወዳጃ ላይ ከቡናው ጋር የሚቀርብ ነው። በመሆኑም «ጫት ቅመህ ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ በቤተሰቡ ዱዓ ላይ የቀመሰውን፣ በፈተና ሰሞን እንቅልፍ ለማባረር የሚቅመውንና ከክፍል ቀርቶ በርጫ ላይ የሚውለውን ተማሪ በአንድ «አዎን» ይጠቀልላቸዋል። መከላከያው ግን ለሦስቱም አንድ ሊሆን አይችልም። ከሰዓት በኋላ የሚቀረውንና በማግሥቱ የሚያንቀላፋውን ለይቶ የሚያውቀው መምህሩ ነውና፣ ጥያቄው ሲቀረጽ ሊገኝ ይገባል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሎውረንስ ስቴንሃውስ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ሥርዓተ ትምህርት ባሳተመው መጽሐፍ፣ መምህሩ የራሱን ክፍል የሚመረምር ተመራማሪ እንዲሆን ተከራክሯል። በአገራችንም ተግባራዊ ምርምር በመምህራን ሥልጠና ውስጥ ከገባ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ይሁን እንጂ የመምህሩ ተሳትፎ የራሱ አደጋ አለው። የሚጠይቀው መምህር የሚቀጣውም እርሱ ነው፤ ጫት በሕግ ያልተከለከለ በመሆኑም ራሱ ቃሚ ሊሆን ይችላል። ተማሪው መልሱ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ እንደማይሄድ ካላመነ እውነቱን አይናገርም። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች አስቀድመው ሊደነግጓቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። መምህሩ የራሱን ክፍል ተማሪዎች መልስ አይሰብስብ፤ ለጥናት የተነገረ ለቅጣት አይዋል፤ ለምርምሩ ጊዜ ከማስተማሪያ ክፍለ ጊዜው ይቀነስለት፤ ውጤቱም ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለስ። እነዚህ ካልተሟሉ መምህሩን የጥናት ተሳታፊ ማለት የወረቀት አዳይነቱን ስም መለወጥ ብቻ ይሆናል።