ደብተሩ ኪስ ውስጥ ይቆይ

ሰፈር ለሰፈር ስዞር ደብተር አላወጣም። አዲስ የሚመደቡልን ወጣት ፖሊሶች ይህ ይገርማቸዋል። ማሠልጠኛ ውስጥ የተማሩት የሰሙትን ሁሉ ወዲያው እንዲመዘግቡ ነው። ለወንጀል ስፍራና ለምስክር ቃል ትክክል ነው፤ ቡና በተፈላበት ቤት ግን ጨዋታውን ይገድለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተ እናቶች፣ ደብተር ይዞ ስም የሚጠይቅ ሰው ሲያዩ ትዝ የሚላቸው ነገር አለ። የከተማ ቀበሌ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ሲመሠረት የቤት ኪራይ ሰብሳቢና የሰፈር ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ በቀይ ሽብር ጊዜ አብዮት ጥበቃዎች ከዚያው ጽሕፈት ቤት መሣሪያ ታጥቀው ወጡ። በጎረቤት ጥቆማ ልጃቸውን ያጡ ቤተሰቦች አሉ። ስለዚህ እኔ «ፖሊስና ኅብረተሰቡ ተባብረው ወንጀል ይከላከሉ» ስል፣ እነሱ ጆሮ የሚደርሰው «ጎረቤትህን ጠቁም» የሚለው ሊሆን ይችላል።

ይህ የፖሊስና የኅብረተሰብ ትብብር፣ ማለትም ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ፣ የአባቶቻችን የአፈርሳታ ልጅ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። በአፈርሳታ (አውጫጭኝም ይባላል) ያገሩ ሰው ተጠርቶ ይሰበሰብ ነበር፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ መበተን አልነበረም፤ ካልተገኘ ካሳው በሁሉም ላይ ይወድቅ ነበር። ሰው የሚናገረው እንዲለቁት ነበር። እኔ ዘንድ የሚመጣ ነዋሪ ግን ዝም የማለት ሙሉ መብት አለው፤ ሻዩን ጠጥቶ፣ ስለ ልጁ ትምህርት አውርቶ መሄድ ይችላል። ይህን መብት እንደማከብርለት ሲያውቅ ነው አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠጋ ብሎ «ሳጅን፣ እኔ ነገርኩህ እንዳትል» የሚለኝ።

ስብሰባ እንጠራለን፤ አዳራሽ፣ ባነር፣ የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት። የሚመጡት ሁልጊዜ ያው ሰዎች ናቸው፤ ግማሾቹ የኮሚቴ አባላት፣ ግማሾቹ ጊዜ የተረፋቸው ጡረተኞች። ሪፖርቱ ላይ ግን የሚጻፈው የተሳታፊ ብዛት ነው። በፊርማ ብዛት ሥራ የሚለካ ከሆነ፣ ከሁሉም በላይ የሠራው አዳራሹን የከፈተው ዘበኛ ነው። እኔ የዕድር ወርኃዊ መዋጮ በሚሰበሰብበት እሑድ ጠዋት መሄዱን እመርጣለሁ። ሰዉ ለራሱ ጉዳይ ተሰብስቧል፤ እንግዳው እኔ ነኝ። በሥራ ቀን ደግሞ ጉልት ያሉ ሴቶች፣ ሊስትሮዎችና የታክሲ ተራ አስከባሪዎች አሉ። ስፖኪዮ ከየት እንደሚነቀልና የት እንደሚሸጥ፣ የትኛው ሞተር ሞባይል ለመንጠቅ ዝግ ብሎ እንደሚያልፍ ከማንም በፊት የሚያዩት እነሱ ናቸው። አዳራሽ ጠርቷቸው የሚያውቅ ግን የለም።

ሰው መጀመሪያ የሚነግረኝ ወንጀል አይደለም። መብራት የሌለው መተላለፊያ፣ ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ ጭፈራ ቤት ነው። አንዳንዱ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ለሌላ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከመጻፍ ያለፈ ሥልጣን የለኝም። ሙያው ምሥጢር ካለው እዚህ ጋ ነው፦ ደብዳቤው መልስ ባያገኝም ተመልሶ ሄዶ «ጽፈናል፣ እስካሁን መልስ አልሰጡንም» ማለት። ነዋሪው እምቢታን ይችላል፤ የማይችለው «እንከታተላለን» ብሎ የጠፋ ፖሊስን ነው። በመብራቱ ጉዳይ ሦስቴ የተመለሰ ፖሊስ፣ ቤት ሰብሮ ስለገባው ልጅ ሊነገረው ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደኝ እርቅ ነው። ሽማግሌ ከፖሊስ ቀድሞ ይደርሳል፤ ብዙውን ጊዜ ደግ ነው። በቦይ ውኃ የተጣሉ ጎረቤታሞች፣ ድንኳን ውስጥ የተሰዳደቡ ዘመዳሞች ጣቢያ ድረስ መምጣት አያስፈልጋቸውም። ሕጉም በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ብሎ የለያቸው ወንጀሎች አሉ። ባሏ የደበደባት ሴት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በአንቀጽ 564 ለብቻው ያነሣዋል። ጉዳቱ ቀላል ሆኖ በአቤቱታ የሚታይ ቢሆን እንኳ አቤቱታው የእሷ ነው እንጂ የሽማግሌው አይደለም። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ የማንም ይቅርታ ፋይሉን አይዘጋውም። ስለዚህ እርቅ ተፈጸመ ሲሉኝ ሴት ባልደረባዬ ሴትዮዋን ለብቻዋ ታነጋግራታለች፤ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት «ይቅር ብያለሁ» ማለቷ ምንም አይነግረንም። ይህ ሽማግሌዎቹን ያስከፋል። አንድ ጊዜ አንድ አባት «ልጄ፣ ቤቱ ቢፈርስ ልጆቹን ፖሊስ ያሳድጋል?» አሉኝ። ጥያቄያቸው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔም ሙሉ መልስ የለኝም፤ ይሁን እንጂ ሴትዮዋ እዚያ ቤት ውስጥ ልትሞት እንደምትችል ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከእርቁ በፊት ይደውሉልኛል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው ዝውውር ነው። ሰፈሩ ሲለምድህ፣ ልጆቹ በስምህ ሲጠሩህ፣ ደብዳቤ ይመጣል። ርክክቡ የቢሮ ቁልፍ፣ ሬዲዮና የፋይል ዝርዝር ነው። የትኛዋ እናት ደጅ ላይ መለዮ ለብሶ መቆም እንደማይገባ፣ ተራ አስከባሪዎቹ መሀል የሚደመጠው የትኛው እንደሆነ፣ ለማን የመብራት ቃል እንደተገባ የሚጻፍበት ቅጽ የለም። ተተኪው እንደመጣ አሮጌው ይሄዳል፤ እናም አዲሱ ፖሊስ አዳራሽ ጠርቶ፣ ባነር ሰቅሎ፣ ፊርማ ሰብስቦ ይጀምራል። አለቆቼን የምለምነው እኔና ተተኪዬ ጥቂት ሳምንታት አብረን እንድንቆይ ነው፤ ዕድሩንም ጉልቱንም ይዤው እንድዞር። የሰው ኃይል እጥረት አለ ይሉኛል፤ እውነትም አለ። በሚቀጥለው ዝውውር ደግሜ እጠይቃለሁ።