ተንበርካኪው ሸክላ

ሸክላ ሲባል የእኛ አሳብ የሚሮጠው ወደ ጀበናና ወደ ምጣድ ነው። በአውሮፓ ግን የታላላቅ ሰዎችን ፊት በሸክላ ቀርጾ መሸጥ፣ ያንንም እየሰበሰቡ ማኖር የቆየ ልማድ ነው። ከዚያ ክምችት አንዷን ቁራጭ እስቲ እንመርምር።

እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅዉድ የኒውተንን፣ የፍራንክሊንን፣ የካፒቴን ኩክን ምስለ ገጽ በሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ እያወጣ ይሸጥ ነበር። በ1787 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለባሪያ ንግድ ተቃዋሚዎች አንዲት ትንሽ ሜዳሊያ ሠራ። በዚህችኛዋ መደቡ ነጭ፣ ሰውየው ጥቁር ነው። በሰንሰለት ታስሮ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ቀና ብሎ ይለምናል። ዙሪያውን «ሰው አይደለሁምን? ወንድምስ አይደለሁምን?» የሚል ተጽፎበታል።

ዓላማው በጎ እንደ ነበር አንክድም። ዌጅዉድ ሜዳሊያውን በነጻ አድሏል፤ በ1788 ለፍራንክሊን ፊላዴልፊያ ድረስ ልኳል። የብሪታንያ ፓርላማም ንግዱን በ1807 ከልክሏል። ነገር ግን ጌቶቹ ሜዳሊያውን በሱረት ሙዳያቸው ክዳን ላይ በወርቅ አስለበጡት፤ እመቤቶቹ አምባርና የጸጉር ጌጥ አደረጉት። ኒውተን ስም አለው፣ ኩክም ስም አለው። ተንበርካኪው ግን ስም የለውም! የሚጠይቀውም ጌታውን ነው እንጂ አብሮት የታሰረውን አይደለም። ትልቁ ጉድለት ይኸ ይመስለናል።

ይህን ስናነብ እኛ ከነገሌ ቦረናና ከአካባቢዋ የመጣነው ልጆች ትዝ ያለን የጎረቤታችን የኮንሶ ዋካ ነው (ከቦረናው ዋቃ፣ ከፈጣሪ፣ ጋር እንዳይምታታ)። ዋካ ከጠንካራ እንጨት የሚቀረጽ የጀግና መታሰቢያ ነው። ሟቹ መሐል ይቆማል፤ ሚስቶቹ በጎኑ፣ የገደላቸው ጠላቶችም አብረው ይቆማሉ። እንደ ሜዳሊያው ልስልስ አይደለም፤ ፊቱም ሻካራ ነው። ግን ቆሟል፣ አይለምንም። የማን እንደ ሆነም ዘመዶቹ ያውቃሉ።

ታዲያ ስንቱ ዋካ ተሰርቆ ለሰብሳቢ ተሸጠ! ከሌባ የተመለሱት ዛሬ በካራት ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ከእኛ መሐል «በሙዚየምም ሆነ በሀብታም ሳሎን መቀመጡ ከምስጥ ያድነዋል» የሚል ተከራካሪ አልጠፋም። እንጨቱን ያድነው ይሆናል። አዲስ አበባ በአንድ የጌጣጌጥ ሱቅ የዋካ ቅርጽ አይተን የማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ ባለሱቁ ዋጋውን ነገረን። ደግመን ስንጠይቀው «የኮንሶ ነው» አለና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።