ቃል ለሙታን መግነዝ ሲሆን

ሰው ሲሞት ስሙ ይጠራል፤ ሙያው ይነገራል፤ ዘመድ ተሰብስቦ ያለቅሳል፤ ሬሳውም ተገንዞ ይቀበራል። ነገር ግን የሚለቀስለትና አልቃሹ በአንድነት ባለቁበት አገር ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል? ይህ ጥያቄ የታሪክ ጸሐፊንና ዳኛን ብቻ ሳይሆን ደራሲንም የሚመለከት ነው። ስለዚህ በፈረንሳይኛ ከቀረቡት ሥራዎች ሦስቱን መርጠን፥ ኪነ ጥበብ በዘር ማጥፋት ወንጀል ፊት ምን እንደሚቻለው፥ ምንስ ሊፈራ እንደሚገባው እንመረምራለን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1994 በሩዋንዳ፥ በመቶ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ፥ ከ800 ሺሕ እስከ 1 ሚሊዮን የሚገመቱ ሰዎች፥ ይልቁንም ቱትሲዎች፥ ተፈጁ። በ1998 ጥቂት አፍሪካውያን ደራሲዎች ያዩትን እንዲጽፉ ወደ ኪጋሊ ተጋበዙ። ከእነዚህም አንዱ ሴኔጋላዊው ቡባካር ቦሪስ ዲዮፕ «ሙራምቢ፥ የአጥንቶች መጽሐፍ» የተባለውን ልብ ወለድ በ2000 አሳተመ። ባለታሪኩ ኮርኔሊዩስ በጅቡቲ በስደት የኖረ የታሪክ መምህር ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን በሙራምቢ ትምህርት ቤት የተጠለሉትን በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ያስፈጀው፥ ለገዛ ሚስቱና ልጆቹ እንኳ ያልራራው፥ አባቱ ዶክተር ካሬኬዚ መሆኑን ይረዳል። እንግዲህ ኮርኔሊዩስ የሟችም የገዳይም ልጅ ነውና፥ አልቅሶ ብቻ ሊያርፍ አይችልም። ዲዮፕ ገዳዮቹንም በራሳቸው አንደበት ያናግራቸዋል፤ በዚህም እልቂቱ ድንገተኛ እብደት ሳይሆን አስቀድሞ ታቅዶ የተፈጸመ ሥራ እንደ ነበረ ያስረዳል። ይሁን እንጂ ተናጋሪዎቹ ብዙዎች፥ ምዕራፎቹም አጫጭር ስለሆኑ፥ አንዳንዱን ሟች በቅጡ ሳናውቀው ይለየናል። ገዳዩ ብዙ ሲናገር ሟቹ ጥቂት ከተናገረ፥ ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ መጠየቅ ይገባል።

ይህን ጉድለት የምትሞላው ሩዋንዳዊቱ ስኮላስቲክ ሙካሶንጋ ናት። በ1994 ከቤተ ዘመዶቿ 37 ሰዎች ሲገደሉ፥ እርሷ በፈረንሳይ አገር ነበረች። በ2008 ያሳተመችው «በባዶ እግሯ የምትሄድ ሴት» የእናቷ የስቴፋኒያ መታሰቢያ ነው። እናቲቱ በሕይወት ሳለች፥ በሞተች ጊዜ ሬሳዋን እንዲሸፍኑላት ሴቶች ልጆቿን አደራ ብላ ነበር፤ የሸፈናት ግን አልተገኘም። ስለዚህ ልጅቱ ቃሏን መግነዝ አድርጋ ጻፈች። የሚያስደንቀው፥ መጽሐፉ አብዛኛውን ገጽ የሰጠው ለሞት አለመሆኑ ነው። ማሽላው እንዴት እንደሚዘራ፥ ጎጆው እንዴት እንደሚሠራ፥ ልጃገረድ እንዴት እንደምትታጭ፥ እናት ልጆቿን ከወታደር የምትሸሽግበትን ስፍራ እንዴት እንደምታዘጋጅ ይተርካል። አንባቢው የጠፋውን የሚያውቀው፥ የነበረውን ሲያይ ነው። ቍጥር ያስደነግጣል፤ የአንዲት እናት እርሻ ግን ያስለቅሳል።

ሦስተኛው ሥራ የካምቦዲያው ተወላጅ የሪቲ ፓን ፊልም «የጎደለው ሥዕል» ነው። ይህ ፊልም በ2013 በካን የፊልም በዓል «ኧን ሰርተን ረጋር» የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። ክሜር ሩዥ ከ1975 እስከ 1979 በገዛበት ዘመን ከ1 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰዎች እንደ ጠፉ ይገመታል። ከዚያ ዘመን የተረፈው ፊልም አብዛኛው ገዢዎቹ ለፕሮፓጋንዳ ያነሡት ነው፤ የሕዝቡን ረኃብ ግን እምብዛም አያሳይም። ሪቲ ፓን ስለዚህ የሸክላ ምስሎች አስቀርጾ፥ ቤተ ሰቡን በእነርሱ መሰለ። ምስሎቹ አይንቀሳቀሱም፤ ተዋናይ ሞትን አስመስሎ እንዲጫወት አልተደረገም፤ በእኛም አስተያየት የፊልሙ ጨዋነት ያለው በዚህ ነው። በትምህርት ሚኒስቴር ያገለግል የነበረው አባቱ ለሰው የማይገባ ምግብ አልበላም ብሎ ሞተ። እናቱም በዚያች ሌሊት፥ ለእንዲህ ያለ ሰው ይገባው የነበረውን ቀብር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለልጆቿ በቃል ተረከችላቸው። በሩዋንዳና በካምቦዲያ፥ ሳይተዋወቁ፥ ሁለት ቤተ ሰቦች በቃል ገነዙ፥ በቃልም ቀበሩ።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱም የቋንቋ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት እልቂቱን ያደራጁት ሰዎች የነበሩበትን የሩዋንዳን አገዛዝ ይደግፍ ነበር። በ2021 የታሪክ ሊቃውንት ኮሚሲዮን ያቀረበው ሪፖርትም፥ በወንጀሉ ተባባሪነትን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ባያገኝም፥ ፈረንሳይ ከባድ ኃላፊነት እንዳለባት ገልጿል። እንግዲህ ሟቹን በዚህ ቋንቋ ማልቀስ ይገባልን? ዲዮፕ በ2003 «ዶሚ ጎሎ» የተባለውን ልብ ወለዱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው በወሎፍ ጻፈ። ሙካሶንጋ ግን በፈረንሳይኛ ጸንታ፥ የኪንያሩዋንዳን ቃላት በመካከሉ ትዘራለች። እኛ አንዱን አመስግነን ሌላውን አንነቅፍም፤ አንዱ ለወገኑ ሲናገር፥ ሌላይቱ ሊሰማ የሚገባው ሰው በሚሰማው ቋንቋ ትመሰክራለችና።

ለመምህራንና ለተማሪዎች የምናቀርበው መመዘኛ አጭር ነው። ስለ እልቂት የተጻፈ መጽሐፍ ስታነቡ፥ ምን ያህል ደም ፈሰሰበት ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስንቱን ሟች በስሙና በኑሮው አወቅሁት ብላችሁ ጠይቁ። ገዳዩ የሰውን ስም ነጥቆ ቍጥር አደረገው፤ የደራሲውም ተግባር ቍጥሩን ነጥቆ ስሙን መመለስ ነው።