ጥያቄው ያልተገኘለት ሴል

የአንድ ነርቭ ሴል ምላሽ የሚደመጠው ከጫፉ በስተቀር ዙሪያውን በቫርኒሽ በተሸፈነ ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ነው። ዴቪድ ሁበል የዚህን ኤሌክትሮድ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1957 ካሳተሙ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው። ሽቦውን በሚሊሜትር ሺህኛ እየለካን ሙከራ ወደምናደርግባት ጦጣ የእይታ ኮርቴክስ፣ ማለትም ወደ አንጎሏ ቅርፊት፣ እናወርደዋለን። ጫፉ የሚያነሳውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምት አጉልተን በድምፅ ማጉያ እንሰማዋለን። ሴሉ በተኮሰ ቁጥር በምጣድ ላይ እንደሚፈነዳ ገብስ ጣ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የጆሮ ነው።

ኤሌክትሮዱ ኮርቴክሱን ሲነካ ጫጫታው ይጀምራል። ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ በሆነው በዚህ ቅርፊት ውስጥ ስድስት ንብርብሮች አሉ፤ ልምድ ያለው ሰው የትኛው ላይ እንደደረሰ ከድምፁ ይገምታል። ከዓይን የተነሣው መልእክት ታላመስ የሚባለውን የአንጎል ማስተላለፊያ አልፎ የሚገባበት አራተኛው ንብርብር ጥቅጥቅ ባለ ሹክሹክታ የተሞላ ነው። ከሁሉም ስር ያለው ነጩ ክፍል ላይ ሲደረስ አካባቢው ጭር ይላል። አዳዲስ ተማሪዎች ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ይተክላሉ። እኔ ግን ከማየታቸው በፊት እንዲሰሙ አጥብቄ እጠይቃቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ የአንድ ሴል ነው ብሎ የለየው ምት የሁለት ጎረቤታሞች ድብልቅ ሊሆን ይችላልና፣ ይህን ጆሮ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ያውቀዋል።

ጦጣዋ ነቅታ፣ ተረጋግታ ካልሠራች ግን ምንም የለም። ሮበርት ዉርትዝ በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ፣ አንዲት ነጥብ ላይ ዓይኗን እንድትተክል በሽልማት ከሠለጠነች የነቃች ጦጣ የእይታ ሴሎችን ምላሽ መቅዳት እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬም የምንሠራው በዚያው መንገድ ነው፤ ዓይኗን ነጥቡ ላይ ካቆየች ጭማቂ ታገኛለች። የተጨነቀች ጦጣ ዓይኗ ይባዝናል፤ ዓይኗ ከባዘነ ደግሞ ሴሉ ምን እያየ እንደተኮሰ ማወቅ አይቻልም። አንጎሉ ራሱ ሕመም የሚሰማበት ሕዋስ የለውም፤ እንስሳዋ ግን ይሰማታል፤ ትሰለቻለች፣ ትፈራለች። የምናገኘው ዕውቀት ከእሷ ሕይወት የተወሰደ ስለሆነ፣ ጥያቄያችንን አስቀድመን አስበንበት መቅረብ የሙያ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ ያልሁት በምክንያት ነው። እያንዳንዱ የእይታ ሴል የሚመለከታት የራሱ ጠባብ ግዛት አለችው፤ ከዚያች ውጭ ብቻውን የታየ ነገር ብዙ ጊዜ አያስተኩሰውም። ግዛቷን ማግኘት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ግን በግዛቷ ውስጥ ምን ሲታይ እንደሚነቃ ማወቅ ነው። ሁበልና ቶርስተን ዊዝል በ1958 በጆንስ ሆፕኪንስ ይህን ሲፈልጉ ጥቁር ነጥብ ያለበትን መስታወት በዓይን መመርመሪያ መሣሪያ እያበሩ የድመትን ዓይን ያሳዩ ነበር። ለሰዓታት ሴሉ ለነጥቡ ደንታ አልነበረውም። መስታወቱን ወደ ማብሪያው ሲያስገቡ ግን ድንገት እንደ መትረየስ ተኮሰ። ሴሉን የቀሰቀሰው ነጥቡ ሳይሆን የመስታወቱ ጠርዝ በሬቲናው ላይ የጣለው ቀጭን ጥላ ነበር፤ ያውም በአንድ አቅጣጫ ጋደል ብሎ ሲያልፍ ብቻ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የዕድል ታሪክ ሆኖ ይነገራል። እኔ አልስማማም። ዝም ያለውን ሴል ጥለው ወደሚቀጥለው ቢሄዱ ኖሮ ዕድሉ አይገጥማቸውም ነበር። ዝም ያለ ሴል ሥራ ፈት አይደለም፤ ጥያቄው ገና አልተገኘለትም።

በጦጣ ላይ ያደረጉት ጥናት በ1968 ሲታተም ሥርዓቱ ይበልጥ ግልጽ ሆነ። ኤሌክትሮዱ በኮርቴክሱ ላይ ቀጥ ብሎ ሲወርድ የሚያጋጥመው ሴል ሁሉ ማለት ይቻላል ተመሳሳይ ጋደላ ይወዳል። አግድም ሲጓዝ ግን በየሃምሳ ማይክሮሜትሩ የሚወደደው መስመር አሥር ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ አንድ ሚሊሜትር ሳይሞላ ዙሩ ይጠናቀቃል። ይህን በድምፅ መከታተል እስካሁን ያልሰለቸኝ ደስታ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር ትንሽ አዞራለሁ፤ ምቱ ይዳከማል። ኤሌክትሮዱን ትንሽ እገፋለሁ፤ አሁን የተዞረውን መስመር የሚወድ ሌላ ሴል ይመልስልኛል።

ሁበልና ዊዝል የሰጡት ማብራሪያ የሚያምር ቀላልነት አለው። የታላመስ ሴሎች ክብ ግዛት አላቸው፤ ግዛቶቻቸው በአንድ መስመር የተሰለፉ ሴሎች ወደ አንድ የኮርቴክስ ሴል ቢገቡ፣ ያ ሴል መስመር ይወዳል። ይህ ማብራሪያ ጸንቷል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በአራተኛው ንብርብር እንኳ ከታላመስ የሚመጡት ግንኙነቶች ከጠቅላላው ጥቂቱ እጅ ናቸው፤ የቀሩት በአብዛኛው ከኮርቴክሱ ከራሱ፣ ከጎረቤቶችና ከላይኞቹ አካባቢዎች የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ሴሉ የሚመልሰው ለብቻው አይደለም። የሚወደውን መስመር ከግዛቱ አልፎ እንዲዘልቅ ባስረዝመው ብዙ ጊዜ ድምፁ ይቀንሳል። ዙሪያውን በተመሳሳይ መስመሮች ብሞላው ይዳከማል፤ በተለያዩ መስመሮች ብሞላው ግን ይበረታል። ተመሳሳዩን መድገም ለአንጎል አዲስ ነገር አይነግረውም፤ ልዩነቱ ያለበት ቦታ ነው ጠቃሚው። በእኔ እምነት የእይታ ነርቭ ሳይንስ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ማየት የሚጀምረው ጎረቤታሞች እርስ በርስ ሲመዛዘኑ ነው።

አንድ እርምጃ አልፈን ሁለተኛው የእይታ አካባቢ ስንደርስ ነገሩ ይበልጥ ይደንቃል። ሩዲገር ፎን ደር ሃይትና ባልደረቦቻቸው በ1984 እንዳሳዩት፣ እዚያ ያሉ አንዳንድ ሴሎች በሥዕሉ ላይ ለሌለ መስመር ይተኩሳሉ። መስመሮች ተቆርጠው የሚቆሙበት ቦታ ከተሰለፈ እኛ በመካከሉ ጠርዝ ያለ ይመስለናል፤ ሴሉም እንደዚያው። በ2000 ደግሞ ፎን ደር ሃይት ከሌሎች ባልደረቦች ጋር፣ አንድ ጠርዝ የየትኛው ወገን ቅርጽ እንደሆነ የሚለዩ ሴሎችን አቀረቡ። ጠርዙ በሴሉ ግዛት ውስጥ ፍጹም አንድ ዓይነት ነው፤ ቅርጹ በግራ ሲሆን ይተኩሳል፣ በቀኝ ሲሆን ያንሳል። ከፊት ያለውንና ከኋላ የተሸፈነውን የምንለይበት ሥራ እዚህ ይጀመራል።

ሴልን መስማት አንድ ነገር ነው፤ ለሴል መናገር ሌላ። የዊልያም ኒውሰም ቡድን በ1990 እንቅስቃሴን በሚለየው፣ ኤምቲ በሚባለው አካባቢ ያደረገው ይህንን ነው። ጦጣዋ የሚርመሰመሱ ነጥቦች ወዴት እንዳደሉ ትፈርዳለች። አንድ አቅጣጫ ወደሚወዱ ሴሎች ስብስብ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲላክ ፍርዷ ወደዚያ አቅጣጫ አዘነበለ። ሴሎቹ ከእይታ ጎን ለጎን የሚሰማ ጫጫታ ብቻ እንዳልሆኑ፣ ጦጣዋ የምትፈርደው በእነሱ መሆኑን ከዚህ የበለጠ ያሳመነኝ ሙከራ የለም።

በታችኛው የጆሮ ግንድ በኩል ባለው የአንጎል አካባቢ፣ ቅርጾች በሚታወቁበት ክፍል፣ ጥያቄ መፈለግ ይበልጥ ይከብዳል። ቻርልስ ግሮስና ባልደረቦቻቸው ለምንም ብርሃን የማይመልስ ሴል ገጥሟቸው ሳለ በስክሪኑ ፊት እጅ ቢያወዛውዙ ሴሉ በኃይል ተኮሰ። ቀጥለው ወረቀት እየቆረጡ ቅርጽ በቅርጽ ሞከሩ፤ የጦጣን እጅ የሚመስለው ጥላ በለጠ። በ2006 ዶሪስ ጻኦና ባልደረቦቻቸው ፊትን ከሚለይ አንድ የሴሎች መንደር ቀዱ፤ እዚያ ለእይታ ከሚመልሱት ሴሎች 97 በመቶው ፊትን ይመርጡ ነበር። በ2019 ደግሞ በማርጋሬት ሊቪንግስተን ቤተ ሙከራ፣ ሴሉ የተሻለ የመለሰለትን ሥዕል እየመረጠ በየዙሩ አዲስ ሥዕል የሚያወጣ ኮምፒውተር ተሠራ። ጥያቄውን ሰው ሳይሆን ሴሉ ራሱ ይጽፋል ማለት ነው። ይህን በደስታ ተቀብያለሁ፤ የእኛ ምናብ ጠባብ ነውና። ነገር ግን የሚወጣውን ሥዕል መተርጎም አሁንም የእኛ ሥራ ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሴሎችን ባንዴ የሚቀዱት አዳዲሶቹ ኤሌክትሮዶችም የአንዱን ሴል ጠባይ በትዕግሥት የማወቅን ልማድ እንዲያስረሱን አልፈልግም።

ይህ ሁሉ ከጦጣ ወደ ሰው የሚሻገርበት ቦታ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ኤሁድ ዞሃሪና ባልደረቦቻቸው በ2015 ያሳተሙት ጥናት ከተወለዱ ጀምሮ በሁለቱም ዓይኖቻቸው የሞራ ግርዶሽ በነበረባቸውና ከዓመታት በኋላ ቀዶ ሕክምና ባገኙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ላይ ነው። ልጆቹ ከብዙ ነገሮች መካከል በቀለም ወይም በመጠን የተለየውን ያገኙታል። ልዩነቱ የሚታወቀው አንዱ ሌላውን በመሸፈኑ፣ በጥላ በሚታይ ጉብታ ወይም በሌለ ጠርዝ ሲሆን ግን በጣም ይቸገራሉ። ሁበልና ዊዝል በሕፃንነቷ አንድ ዓይኗ በተሸፈነ ጦጣ ላይ የዚያ ዓይን የኮርቴክስ ድርሻ እንደሚመነምን አሳይተው ነበር፤ ሕፃናት ሞራቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲነሣላቸው የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። የልጆቹ ችግር ደግሞ ቦታውን ይጠቁማል፤ የሚያዳግታቸው ፎን ደር ሃይት በጦጣ ሁለተኛ አካባቢ የሰሙትን ዓይነት ሥራ ነው። ስለዚህ አሁን ኤሌክትሮዴን የማወርደው እዚያው ላይ ነው። ጠርዝ የማን እንደሆነ የሚለየው ሴል ይህን ከጎረቤቶቹ ይማር እንደሆነ፣ ከላይ ከሚመለሰው መልእክት ይማር እንደሆነ፣ ዘግይቶስ ቢሆን ሊማር ይችል እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።