«ሙሽሮች»፦ ከወደቡ ወዲያ ያለው ኑሮ

እ.ኤ.አ. በ2004 ለዕይታ የበቃው የፓንደሊስ ቩልጋሪስ ፊልም «ኒፌስ» ይሰኛል፤ በግሪክኛ «ሙሽሮች» ማለት ነው። በ1922 «ኪንግ አሌክሳንደር» በተባለች መርከብ ተሳፍረው፣ በፎቶግራፍ ብቻ ወደሚያውቋቸው ባሎቻቸው ወደ አሜሪካ የሚጓዙ 700 ሴቶችን ታሪክ ይተርካል። የድርሰቱ ጸሐፊ ልብ ወለድ ደራሲዋ ኢዮዋና ካሪስቲያኒ ናት።

ከሙሽሮቹ አንዷ ኒኪ የሳሞትራኪ ደሴት ልብስ ሰፊ ናት። አስቀድማ ቺካጎ ወዳለው ሙሽራ የተላከችው እኅቷ የባዕድ አገር ኑሮ አልሆንላት ብሎ ተመልሳለች፤ ኒኪ በእኅቷ እግር ተተክታ የቤተሰቡን ቃል ልትሞላ ትሄዳለች። ፎቶግራፍ ልኮ መዳር ለእኛም አገር ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በመርከቡ ላይ አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኖርማን ያፈቅራታል፤ እርሷም ትወደዋለች፤ ሆኖም ቃሏን አታጥፍም። ቪክቶሪያ ሃራላቢዱ ይህን ሸክም በጥቂት ንግግርና በተገታ ፊት ተሸክማዋለች። የፊልሙ ትልቁ ሀብት እርሷ ናት።

ድክመቱ ሴቶቹን አብዝተን የምናያቸው በኖርማን ካሜራ በኩል መሆኑ ነው። የነጭ ቀሚሳቸው ውበት ፍርሃታቸውን ይጋርደዋል። ለቤተሰብ መኖርም የአንድ ቀን መሥዋዕት፣ የስንብት ዕንባ ሆኖ ቀርቧል። የስደተኛዋ ሸክም ግን ከወደብ ወዲያ ይከብዳል፤ ከማታውቀው ሰው ጋር ማዕድ መቁረስ፣ በማትሰማው ቋንቋ መካከል ልጅ ማሳደግ፣ ከስፌት የተረፈውን ሳንቲም ወደ ደሴቲቱ መላክ። እኅቲቱን ያሸነፋት ይኸው ኑሮ ነበር፤ ፊልሙ ግን ለፍቅሩ የሰጠውን ሰፊ ጊዜ ለዚህ ነፍጎታል።