የጥርስ ሕመምና የማስታገሻ ክኒን በቀወት፦ በራሳችን አሠራር ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሕመም ማስታገሻ አላግባብ አጠቃቀም ሲነሣ በሙያችን ዘንድ ወቀሳው የሚያርፈው በሕመምተኛው ላይ ነው። «ሕዝቡ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን ይውጣል» እንላለን። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ይሁን እንጂ በቀወት ወረዳ ባገለገልኩበት ወቅት ካየሁት በመነሣት፣ የወቀሳው ከባድ ድርሻ ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች እንደሚገባ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከሸዋ ሮቢት ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣ አንድ የሽንኩርት ማሳ ሠራተኛ ከአእምሮዬ አይጠፋም። መንጋጋው ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘው ዲክሎፌናክ ገዝቶ ዋጠ፤ አልታገሥ ሲለው ከሌላ ሱቅ አይቡፕሮፌን ጨመረበት። ሁለቱ የአንድ ወገን መድኃኒቶች መሆናቸውን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ክኒኖቹም የተሰጡት ስምና መጠን ባልተጻፈበት ወረቀት ተጠቅልለው ነበር። እኛ ዘንድ ሲመጣስ ምን አደረግን? የዲክሎፌናክ መርፌ ተወጋ፣ አሞክሲሲሊን ታዘዘለት፣ ተሰናበተ። ቀደም ሲል ምን እንደ ወሰደ አልተጠየቀም፤ አፉን አስከፍቶ ጥርሱን ያየለትም የለም። በአራተኛው ቀን ደም እያስታወከ ተመለሰ። ማዘዣውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

በጥርስ ውስጥ ያለው ነርቭና የደም ሥር የያዘው ለስላሳ ክፍል በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ነው። በተቆጣ ጊዜ የሚያብጥበት ስፍራ ስለሌለው ግፊቱ ያንን እንቅልፍ የሚነሣ ሥቃይ ያመጣል። ክፍሉ ሲሞት ግን ሕመሙ በራሱ ይቆማል። ሕመምተኛውም «ያ ክኒን አዳነኝ» ብሎ ለጎረቤቱ ይመክራል፤ ኢንፌክሽኑ ግን በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ አጥንቱ ይዘልቃል። አልፎ አልፎም ከምላስ በታች ተሰራጭቶ የመተንፈሻን መንገድ ይዘጋል፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. የገለጸው አደገኛ ሕመም ይኸው ነው። እብጠትና ትኩሳት በሌለበት የነርቭ ቁጣ አሞክሲሲሊን ሕመሙን እንደማያስታግስ ሁላችንም ተምረናል። ሆኖም ሰው ባዶ እጁን መመለስ ስለሚያሳፍረን እናዛለን። የዕፀ ፋሪስ ጢስ የሚታጠኑትን እንነቅፋለን፤ መርዛማ ነውና ነቀፋው ተገቢ ነው፤ የእኛ መርፌም ግን ጥርሱን እንደነበረ ትቶት መሄዱን መካድ አንችልም።

በቆላው አየር ጉዳቱ ይብሳል። በፀሐይ ሲሠራ ውሎ ሰውነቱ ውኃ ላነሰው ሰው እነዚህ መድኃኒቶች ለኩላሊት አስጊ ናቸው። በወባ ወራትም ለጥርስ ተብሎ የተዋጠው ክኒን ትኩሳቱን አብርዶ የደም ምርመራውን ያዘገያል።

በየግድግዳችን የምንለጥፈው ማስታወቂያ «ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አይውሰዱ» ይላል። በእኩለ ሌሊት ጥርሱን የሚያመው ገበሬ ምን ያድርግ ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ጥርስ ለማስነቀል የቀን ሥራውን ትቶ፣ የመኪና ተከፍሎ መሄድ ለሚጠበቅበት ሰው የጥቂት ብር ክኒን መምረጡ ስንፍና አይደለም። ልንነግረው የሚገባው ግልጽ ነበር፦ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ለሌለበት አዋቂ፣ ምግብ ቀምሶ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን በቀን ከሦስት ጊዜ ሳይበልጥ፤ ሕመሙ ከባሰ ፓራሲታሞል ቢታከልበት፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም እንዳያልፍ። ነፍሰ ጡር ሴት ፓራሲታሞልን ብቻ ትውሰድ። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል። አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ያቃተው፣ አንገቱ ያበጠ ግን ሌሊቱም ቢሆን ይምጣ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናንና የጥርስ መሙያ ግላስ አዮኖመርን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። እንዲህ ያለውን ሙሌት ለመሥራት የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ የግድ አይደለም፤ በእጅ መሣሪያ ይሠራል። በጤና ጣቢያ ደረጃ ያለ ባለሙያ ሠልጥኖ ይህን እንዲሠራና ጥርስ እንዲነቅል ቢደረግ፣ ስለ ክኒን የምናደርገው ምክር ያን ጊዜ ሰሚ ያገኛል።

ያ ሠራተኛ ደም ተሰጥቶት ተረፈ። ጥርሱ የተነቀለው ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ የነቀላው ሥራ የፈጀው ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም።